የምዝገባ ፎርም ከባዶ፦ ፍሮንት ኤንድ ላይ ብዙዎች የሚሰናከሉባቸው ቦታዎች

ፍሮንት ኤንድ፣ ማለትም ተጠቃሚው የሚያየውና የሚነካው የድረ ገጹ ክፍል፣ ቀላል ይመስላል። ጥቂት ሳጥን፣ አንድ በተን፣ ትንሽ ቀለም። ላፕቶፑ ላይ ይሠራል፣ ጓደኛ አይቶ «አሪፍ ነው» ይላል፣ ይለቀቃል። ከዚያ እውነተኛ ተጠቃሚ ይመጣል። ስሙ ገ/መድኅን ነው። ገጹ ደግሞ «እባክዎ ስምዎን በፊደል ብቻ ይጻፉ» ይለዋል።

እዚህ አንድ ገጽ ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሄዳለን። ቅዳሜ ቅዳሜ በኢንተርኔት አማርኛ ለሚማሩ ልጆች የሚሞላ የምዝገባ ፎርም ነው እንበል። ወላጆች ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭና ከዱባይ ይሞሉታል። ፎርም የመረጥኩት ወጥመዱ ሁሉ እዚያ ስለሚሰበሰብ ነው። የኤችቲኤምኤል፣ የሲኤስኤስና የጃቫስክሪፕት መሠረቱን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምነሳው። ሪአክትም ተጠቀሙ ቪው፣ ነገሩ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ከኮዱ በፊት ተመዝጋቢዎቹን ፍጠሩ

የሙከራ ዳታችሁ «ቴስት ቴስት» እና «አበበ በቀለ» ብቻ ከሆነ ምንም አልሞከራችሁም። አርታኢውን ከመክፈታችሁ በፊት እነዚህን ሰዎች ወረቀት ላይ ጻፉ፦

- ገ/መድኅን ወ/ገብርኤል፣ ስልኩ በ07 የሚጀምር
- ሳራ የምትባል፣ የአያቷን ስም መጻፍ የማትፈልግ እናት
- ጳጉሜ 6 የተወለደ ልጅ
- ዋሽንግተን የሚኖር፣ ስሙን በላቲን ፊደል የሚጽፍ፣ ስልኩ በ+1 የሚጀምር አባት
- በተኑን ነክታ መልስ ሲዘገይባት ሦስቴ ደጋግማ የምትነካ አክስት

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ እነዚህን አምስት ሰዎች ሳያስቀይሙ ማሳለፍ ነው።

ደረጃ 2፦ የገጹን አናት አስተካክሉ

ሦስት መስመር ናት፤ ስትጎድል ግን ጣጣዋ ብዙ ነው። የመጀመሪያዋ ቻርሴት ነች፤ ጽሑፉ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደተጻፈ ለብራውዘሩ ትነግረዋለች። ዩቲኤፍ-8 የሚለው ሜታ ታግ በፋይሉ የመጀመሪያ 1024 ባይት ውስጥ መገኘት አለበት። ከእሱ በላይ ረጅም ኮሜንትና የመከታተያ ስክሪፕት ከደረደራችሁ ብራውዘሩ መገመት ሊጀምር ይችላል፤ ግምቱ ከተሳሳተ አማርኛው የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ሄድ ውስጥ የመጀመሪያው ነገር እሱ ይሁን።

ሁለተኛዋ የገጹን ቋንቋ የምትናገረው ላንግ ናት። ከተገለበጠ ቴምፕሌት ጋር እንግሊዝኛ ሆና ትመጣለች፣ ማንም አይነካትም። በዚህ ምክንያት ስክሪን ሪደር (ለማየት ለተሳነው ሰው ገጹን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ይታገላል። የአማርኛው ኮድ ኤ እና ኤም የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች ናቸው፤ በትንሹ ይጻፋሉ። ገጹ ውስጥ የእንግሊዝኛ አንቀጽ ካለ ለእሱ ብቻ ሌላ ላንግ ስጡት።

ሦስተኛዋ ገጹ በስልኩ ስክሪን ልክ እንዲታይ የምታደርገው ቪውፖርት ናት። እዚህ ብዙ ሰው «ማክሲመም ስኬል 1» ይጨምርባታል፤ ዓላማው አይፎን ላይ ሳጥን ሲነካ ገጹ በራሱ እንዳይጎላ ነው። አታድርጉት። ማጉላት የሚያስፈልጋቸው አያቶች አሉ። የሳጥኑን ፊደል 16 ፒክስል ወይም ከዚያ በላይ ካደረጋችሁት አይፎኑ ራሱ ማጉላቱን ይተዋል።

ደረጃ 3፦ ፊደሉ ቶሎ ይታይ

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ዝርዝር) ውስጥ የገባው በ1999 በስሪት 3.0 ነው። ዛሬ የሚያስቸግረው የፎንቱ ክብደት ነው። ዋናው የግዕዝ ክፍል ብቻ ከ350 በላይ ምልክት ይዟል። አራት ውፍረት ያለው ፎንት ከጫናችሁ በደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው ጽሑፉን ሳያይ ይቆያል።

መጀመሪያ ስልኩ ላይ ያለውን ተጠቀሙ። አንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አለው፣ አዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ኢብሪማ፣ ማክ ደግሞ ኬፋ። ለዚህ ዓይነት ፎርም ይበቃሉ። ዲዛይነሩ የግድ ሌላ ፎንት ካለ፣ ፋይሉ ዎፍ 2 (የተጨመቀ የድረ ገጽ ፎንት) ይሁን፣ ከሁለት ውፍረት አትለፉ፣ ፎንቱ እስኪወርድ ጽሑፉ በስልኩ ፎንት እንዲታይም ፎንት-ዲስፕሌይ ስዋፕ ይሁን። ዩኒኮድ-ሬንጅ ከሰጣችሁት ደግሞ ፋይሉ የሚወርደው ገጹ ላይ የግዕዝ ፊደል ሲኖር ብቻ ነው።

አማርኛ ላይ ኢታሊክ አትጠቀሙ። ፎንቱ ስለማይኖረው ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ያጋድለዋል፣ ያስጠላል። ለማጉላት ቦልድ ወይም ቀለም ይበቃል። የመስመር ርቀቱን ከ1.6 አካባቢ ጀምሩ፤ ለላቲን የተመረጠ 1.2 ላይ ፊደሎቻችን ይተፋፈጋሉ። በተን ላይ ቋሚ ስፋት አትስጡ። በእንግሊዝኛ ስድስት ፊደል የነበረው ነገር በአማርኛ «ምዝገባውን ያጠናቅቁ» ሲሆን ሳጥኑን ጥሶ ይወጣል። ፓዲንግ ስጡትና በራሱ ይስፋ።

ደረጃ 4፦ ስም፣ ትልቁ ወጥመድ

«ፈርስት ኔም» እና «ላስት ኔም»፣ ሁለቱም ግዴታ። ይህን ከውጭ ቴምፕሌት እንደወረደ የሚተወው ብዙ ነው። እኛ ግን ያለን የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። እናትና ልጅ የሚጋሩት የቤተሰብ ስም የለም።

ከዚህ የሚመጣ አንድ ባግ አለ። ፎርሙ ለወላጅ እንዲመች ብሎ የወላጁን ላስት ኔም ገልብጦ በልጁ ሳጥን ውስጥ ይሞላል። እናት ከሞላችው የሷ አባት የልጁ አባት ሆነ። አባት ከሞላውም ስህተት ነው፤ የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ የራሱ ስም እንጂ የአያቱ አይደለም። በሌላ በኩል ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች ወረቀታቸው ላይ የአያታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ስለዚህ አትገምቱ፣ ጠይቁ። ስሙን ከፋፍላችሁ የማትጠቀሙበት ከሆነ «ሙሉ ስም» የሚል አንድ ሳጥን ከሁሉም ይሻላል። መከፋፈል ካስፈለገ ሦስት ሳጥን አድርጉና የአያትን ስም ግዴታ አታድርጉት።

ቀጥሎ ቫሊዴሽን፣ ማለትም የተጻፈውን ማጣራት። ከኤ እስከ ዜድ ብቻ የሚፈቅድ ሬጌክስ (ጽሑፍ የሚጣራበት ሕግ) አማርኛን እንዳለ ይጥላል። በጃቫስክሪፕት ባክስላሽ ደብልዩ የሚባለው አቋራጭም ያው ነው፤ እሱ «ፊደል» የሚለው የላቲኑን ነው። ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ «ከሀ እስከ ፐ» ብሎ ያስተካክላል። ሀሁን ያስታወሰ ይመስላል፤ ግን ፐ የቤቷ የመጀመሪያ ፊደል ናት። ፑ፣ ፒ፣ ፓ፣ ፔ፣ ፕ፣ ፖ ከእሷ በኋላ ስለሆኑ ውጭ ይቀራሉ፤ ፔኒኤል የምትባል ልጅ መመዝገብ አትችልም።

ትክክለኛው መንገድ የዩኒኮድ ፕሮፐርቲ ነው። ሬጌክሱ ላይ ዩ የሚባለውን ፍላግ ጨምራችሁ «ማንኛውም ፊደል» የሚለውን ተጠቀሙ። ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ነጥብ፣ ሰረዝና ነጠላ ጥቅስ ፍቀዱ። ገ/መድኅን ያለ ስላሽ አይጻፍም። ወለተ ሥላሴም በመካከሏ ክፍተት አላት።

«ስም ቢያንስ 3 ፊደል ይሁን» የሚለው ሕግም የሚያስቅ ነው። ሳራ በላቲን አራት ፊደል ናት፣ በእኛ ሁለት። ሊያም እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር የስም ሳጥን ባዶ አለመሆኑን ማረጋገጥ ይበቃል። ሰው ስሙን ከእናንተ ኮድ የተሻለ ያውቀዋል።

ደረጃ 5፦ ስልክ

ታይፑን «ነምበር» አታድርጉት። ስልክ የሚደመር ቁጥር አይደለም። ኮዱ ውስጥ ወደ ቁጥር ሲቀየር የፊቷ ዜሮ ትጠፋለች፤ +251 ብሎ የጻፈ ሰው ደግሞ ባዶ ሳጥን እንደላከ ይቆጠራል። «ቴል» አድርጉት፤ ስልኩ ላይ የቁጥር ኪቦርድ ይመጣል፣ ዳታውም ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል።

በ09 ብቻ መጀመር አለበት የሚል አሮጌ ሬጌክስ አሁንም ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት ይገለበጣል። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምሩትም የሞባይል ቁጥሮች ናቸው። ሰው የጻፈውን ክፍተትና ሰረዝ ራሳችሁ አጽዱ፤ «ክፍተት አይፈቀድም» ብሎ መቆጣት የሰነፍ ሥራ ነው። 0911፣ 911 ወይም +251911 ብሎ ቢጀምር ሁሉንም ወደ አንድ መልክ፣ ወደ +251 እና 9 አሃዝ ቀይሩ። የአገር መለያ መምረጫም አድርጉ፤ የዱባዩ ወላጅ +971 ነው የሚጽፈው።

የስህተት መልእክቱ ሰውኛ ይሁን። «ልክ ያልሆነ ግብዓት» ለማንም አይረዳም። «ስልኩ ከዜሮ ጀምሮ 10 አሃዝ ነው፤ የጻፉት 9 ነው» ካላችሁት ራሱ ያርመዋል። መልእክቱን ከሳጥኑ ሥር አድርጉት፤ ቀይ ቀለም ብቻውን አይበቃም። የሳጥኑንም ስም ሌብል ላይ ጻፉ። ፕሌስሆልደር ላይ ብቻ ከጻፋችሁት መጻፍ ሲጀመር ይጠፋና ሰውዬው «ይሄ ምን ነበር?» ይላል።

ደረጃ 6፦ ሲጽፍ አትረብሹት

በአማርኛ ኪቦርድ ሲጻፍ ፊደሉ በአንድ ንክኪ ላይጨርስ ይችላል። መጀመሪያ ስ ይወጣና አናባቢው ሲመጣ ሰ ወይም ሳ ይሆናል። ኮዳችሁ በእያንዳንዱ ንክኪ ጽሑፉን የሚያጣራና መልሶ የሚጽፍ ከሆነ ፊደሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆረጣል፣ ወይም ሁለቴ ይጻፋል። ኪዳውን የሚባለውን ክስተት ለጽሑፍ አትጠቀሙበት፤ አንድሮይድ ላይ ለብዙው ፊደል 229 የሚል ምንም የማይነግር ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ። ኢንፑት የሚባለውን አድምጡ። የማጣራቱን ሥራ ሰውዬው ከሳጥኑ ሲወጣ አድርጉት።

ምዝገባውን በኤስኤምኤስ የምታረጋግጡ ከሆነ ርዝመቱን አስቡበት። በላቲን አንድ መልእክት 160 ምልክት ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ። «ውድ ወላጅ» ብሎ የሚጀምር ረጅም ሰላምታ የሁለት መልእክት ሂሳብ ያስከፍላል። ዩቲኤፍ-8 ላይም እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ነው፤ የዳታቤዙ ሳጥን በባይት የተለካ ከሆነ ስሙ ተቆርጦ ይቀመጣል። ባክ ኤንዱን (የሰርቨሩንና የዳታቤዙን ክፍል) የሚሠራውን ሰው አሁኑኑ ጠይቁት።

ደረጃ 7፦ ቀንና ሰዓት

የብራውዘሩ የቀን መምረጫ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። የልጁን ልደት በእኛ አቆጣጠር የሚያስታውስ ወላጅ ሌላ አፕ ከፍቶ ሲቀይር ይሳሳታል። ሦስት መምረጫ ስጡት፦ ቀን፣ 13 ወራት፣ ዓመት። ከላይ «በኢትዮጵያ» እና «በአውሮፓ» የሚል መቀያየሪያ ይኑር። አቆጣጠሩን ከቁጥሩ አትገምቱ፤ 2010 በሁለቱም የሚቻል የልደት ዓመት ነው።

ጳጉሜ 5 ቀን ናት፣ በየአራት ዓመቱ 6። የኢትዮጵያው ዓመት ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ከሆነ 6 ትሆናለች፤ ለምሳሌ 2015። ጳጉሜን ሁልጊዜ 5 የሚያደርግ ኮድ ከተመዝጋቢዎቻችን አንዱን ከነልደቱ ያጠፋዋል። ለማሳየት ብቻ ከሆነ የራሳችሁን ስሌት አትጻፉ፤ ኢንትል የሚባለው የብራውዘሩ መሣሪያ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል። አማርኛን መምረጥ ብቻውን አይበቃም፣ ካላንደሩንም «ኢትዮፒክ» ብላችሁ ጥሩ። በስህተት «ኢትዮአአ» ካላችሁት በዓመተ ዓለም ይቆጥርና 5500 ዓመት ይጨምርባችኋል።

ትልቁ ባግ የሚደበቀው ዴት የሚባለው ኦብጀክት ውስጥ ነው። ዓመት፣ ወርና ቀን በሰረዝ ተለያይተው ብቻቸውን ከተሰጡት፣ የዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት አድርጎ ይወስደዋል። አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰዓት ስለምንቀድም ቀኑ አይቀየርም፣ ማንም አያስተውለውም። ዋሽንግተን ላይ ሲታይ ግን ገና ያለፈው ቀን ምሽት ነው፤ የልጁ ልደት በአንድ ቀን ወደኋላ ይሄዳል። ልደትን እንደ ጽሑፍ አስቀምጡት፣ ዴት ውስጥ አታስገቡት። ወራት ከዜሮ እንደሚቆጠሩም አትርሱ፤ ለእሱ መስከረም የሚብትበት ሴፕቴምበር 9ኛ ሳይሆን 8ኛ ወር ነው።

የክፍለ ጊዜው ሰዓት ተቃራኒውን ይፈልጋል። እሱ በዓለም አቀፍ ሰዓት ተቀምጦ በእያንዳንዱ ወላጅ ሰዓት መታየት አለበት። ትምህርቱ በአዲስ አበባ ምሽት 12 ሰዓት ይሁን። ዋሽንግተን በበጋቸው ረፋድ 11፡00፣ በክረምታቸው 10፡00 ይሆናል። ቴል አቪቭም በበጋ ከእኛ ጋር እኩል ሆና በክረምት አንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ዱባይ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ትቀድመናለች። «ሰባት ሰዓት ቀንስ» ብሎ ኮድ ውስጥ የጻፈ ሰው ኖቬምበር ሲገባ ስልኩ ይጮኻል። የሰዓት ክልሉን በስሙ ስጡትና ኢንትል ያስላው።

«12 ሰዓት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ነገር ውጭ ላደገ ሰው እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ነው። «ምሽት 12 ሰዓት በኢትዮጵያ፣ 18፡00» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ።

ደረጃ 8፦ መላክ

አክስታችን በተኑን ሦስቴ ነካች። ልጁ ሦስቴ ተመዘገበ፣ ምናልባትም ሦስቴ ተከፈለለት። መጀመሪያ እንደተነካ በተኑን አጥፉና «በመላክ ላይ…» በሉ። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ገጹን ሪፍሬሽ አድርጋ እንደገና ልትልክ ትችላለች። ፎርሙ ሲከፈት አንድ ልዩ መለያ ስጡት፤ የሞላችው በረቂቅ ሲቀመጥም (ከታች እናየዋለን) መለያው አብሮ ይቀመጥ። ሰርቨሩ ያንኑ መለያ ሁለተኛ ሲያይ አዲስ መዝገብ አይክፈት።

ዳታውን ወደ ሰርቨሩ የሚልከው ፌች ላይ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሰርቨሩ 404 ወይም 500 ቢመልስም ፌች እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ መልስ መጣ፣ አለቀ። መልሱ ላይ ኦኬ የሚለውን ሳታዩ «እንኳን ደስ አለዎት» ካላችሁ ያልተመዘገበ ሰው ተመዝግቤያለሁ ብሎ ይተኛል። ኔትወርኩ ተንጠልጥሎ ሲቀርም ፌች በራሱ ቶሎ አይሰለችም። ጥያቄውን በሚያቋርጠው አቦርት ኮንትሮለር የጊዜ ገደብ አድርጉበት፣ 20 ወይም 30 ሴኮንድ። ሲያልፍ «ኔትወርኩ ተቋርጧል፤ የሞሉት አልጠፋም፣ እንደገና ይሞክሩ» በሉት። «አልጠፋም» ያላችሁት እውነት እንዲሆን ረቂቁን ሎካል ስቶሬጅ (የብራውዘሩ የራሱ ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጡ። መብራት ሄዶ ተመልሶ ሁሉን ከባዶ መሙላት ያናድዳል። የይለፍ ቃል ግን እዚያ አይቀመጥም። ምዝገባው ሲሳካም ረቂቁን አጥፉ፤ ኢንተርኔት ካፌ የሚሞላ ሰው አለ።

ገንዘብ ካለበት ሂሳቡን በሳንቲም ሥሩት። ጃቫስክሪፕት 0.1 እና 0.2 ሲደምር 0.30000000000000004 ይላል። ሦስት ልጅ ያስመዘገበ ወላጅ ፊት ይህን ማየት አትፈልጉም።

ደረጃ 9፦ የአስተዳዳሪው ዝርዝር

አስተማሪዋ ኃይሉን ፈልጋ «ሀይሉ» ብላ ትጽፋለች። አልተገኘም ይላታል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ። ኖርማላይዝ የሚባለው የጃቫስክሪፕት ተግባር ይህን አያስተካክልም፤ የተሠራውም ለዚህ አይደለም። የራሳችሁን ትንሽ ሠንጠረዥ ጻፉ፦ ሐሑሒን እና ኀኁኂን ወደ ሀሁሂ፣ ሠን ከነቤቷ ወደ ሰ፣ ሌሎቹንም እንዲሁ። ሀ እና ሃን፣ አ እና ኣንም አንድ አድርጉ። ሠንጠረዡን ለፍለጋ ብቻ ተጠቀሙበት፤ የሚታየው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቅር። በፍጥነት ሲጻፍ የቀደመው ፍለጋ መልስ ዘግይቶ መጥቶ አዲሱን እንዳይሸፍነውም የቀድሞውን ጥያቄ ሰርዙት።

ሶርት የሚባለው የጃቫስክሪፕት መደርደሪያ ያለ መመሪያ ቁጥርን እንደ ጽሑፍ ይደረድራል፤ 10 ከ9 ይቀድማል። የማወዳደሪያ ተግባር ስጡት።

ደረጃ 10፦ ደኅንነት ባጭሩ

ሰው የጻፈውን በኢነር ኤችቲኤምኤል አታሳዩ፤ ጽሑፉን እንደ ኮድ ይወስደዋል። ስም ሳጥን ውስጥ ስክሪፕት የሚጽፍ አይጠፋም። ቴክስት ኮንቴንት ተጠቀሙ። ፍሮንት ኤንድ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሚስጥራዊ ቁልፍ ሚስጥር አይደለም፤ የክፍያ ቁልፍ፣ የዋጋ ስሌት፣ «ተከፍሏል» የሚለው ማረጋገጫ ሁሉ ሰርቨር ላይ ይሁን። የእናንተ ቫሊዴሽን ለተጠቃሚው ምቾት ነው፤ ሰርቨሩ እንደገና ማጣራት አለበት።

ደረጃ 11፦ ከመልቀቃችሁ በፊት፣ ከለቀቃችሁም በኋላ

በብራውዘሩ የዴቨሎፐር መሣሪያ ኔትወርኩን 3ጂ ላይ አድርጉና አምስቱን ሰዎች አስመዝግቡ። የኮምፒውተራችሁን ሰዓት ወደ ዋሽንግተን ቀይራችሁ ድገሙት። በኪቦርድ ብቻ፣ ያለ ማውስ ሙሉት፤ በተኑ ላይ መድረስ ካልቻላችሁ ዲቭን በተን አስመስላችሁታል ማለት ነው። ከዚያ ከቤት ውስጥ አሮጌውን አንድሮይድ ፈልጉና በእሱ ሞክሩ።

ከለቀቃችሁ በኋላ ፎርሙ እምቢ ያለውን መዝግቡ። ሰው የጻፈውን ሳይሆን የትኛው ሳጥን፣ በየትኛው ሕግ ምክንያት እንደከለከለ ብቻ። በሳምንቱ መጨረሻ ቁጥሩን እዩት። አንድ ሳጥን ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ሰው እየመለሰ ከሆነ ሬጌክሱን ክፈቱ።